የበረዶው ድልድይ በደባርቅ አውድማ

በሁለት ሺህ ዐሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት አልፎ ታቦታቱ ወደ መንበራቸው በተመለሱበት ሳምንት፣ ደባርቅ በውርጭ ነጥታ ታድር ነበር፤ ከሊማሊሞ ገደል ሽቅብ የሚወጣው ነፋስ የገብሱን ገለባ እያንሳፈፈ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ የተተከሉትን የሸራ ድንኳኖች ያርገበግባቸው ነበር። በነዚያ ድንኳኖች ጦርነቱ ከዛሪማና ከዚያ ወዲያ ካለው ቆላ ያፈናቀለው ሕዝብ ሰፍሯል፤ አዝመራውን ሳያነሳ፣ ከብቱን ሳይሰበስብ፣ አንዳንዱም ሬሳውን ሳይቀብር የመጣ ሕዝብ ነው።

የድንኳኑን ሰፈር ሥነ ሥርዓት እንዲጠብቁ ከከተማው ሽማግሌዎች የተመረጡት ሻምበል ገሠሠ ያርጋል ነበሩ። ሻምበል በወጣትነታቸው፣ በደርግ ዘመነ መንግሥት፣ የታንክ ጥገና ሊማሩ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልከው፣ ኦዴሳ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ተቀምጠዋል። አንድ እሑድ አለቆቻቸው ሠልጣኙን ሁሉ አሰልፈው ወደ ቴአትር ቤት ወሰዱት፤ ጓደኞቻቸው ሙቀቱ ተመችቷቸው ሲያንቀላፉ፣ እሳቸው ግን የወንበሩ ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ መተንፈሱንም ረሱት።

«የበረዶው ድልድይ» የሚሉት ባሌት ነበር፤ አንዲት ቃል ሳይነገር በእግርና በእጅ ብቻ የሚተረክ ታሪክ። እጮኛዋ ከወንዝ ማዶ የዘመተባት ልጃገረድ፣ ብርዱ ወንዙን አጋግሮ መንገድ ሲያደርገው፣ ልትፈልገው በበረዶው ላይ ትሄዳለች፤ መሐል ስትደርስ ግን ብርዱ ይሰበርና በረዶው ከእግሯ ሥር መሰንጠቅ ይጀምራል፤ እጇ የእጮኛዋን እጅ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ትሰጥማለች። ሊዲያ ክራቬትስ የምትባል ቀጭን ሴት ያንን ስንጥቅ በጣቶቿ ጫፍ እየዘለለች ስትሻገር፣ ወጣቱ መኮንን ወለሉ ሳንቃ መሆኑን በዐይናቸው እያዩ፣ ውሃ ነው ብለው ከወንበራቸው ሊነሡ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ወዲያ የእሑድ ፈቃዳቸውን በሙሉ ለዚያ ቴአትር ቤት ሰጡ፤ የሊዲያ ክራቬትስን የትከሻዋን አወራረድ፣ የአንገቷን አዘነባበል ሳይቀር ቃል በቃል እንደሚያጠኑት ዳዊት ያዙት።

ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ሻምበል ወደ አባታቸው እርሻ ተመለሱ። ገብስ እየዘሩ፣ በግ እያረቡ ሲኖሩ ስለዚያች ሴት ለገበሬውም ለካህኑም አውርተው አልጠገቡም። «አየር ላይ ትቆማለች ስላችሁ! ወርዳ መሬት እስክትነካ ድረስ ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል!» ይሉ ነበር። ደባርቅም ሳቀችና «ሻምበል ባሌት» ብላ ሰየመቻቸው፤ እሳቸው አልተቀየሙም።

እንግዲህ በዚያ ሳምንት ተፈናቃዩን ሊያጽናኑ ከአዲስ አበባ የጥበብ ሰዎች መጡ። ከዘፋኞቹ ጋር ሶልያናና ምስክር የሚባሉ ሁለት ወጣት ተወዛዋዦች ነበሩ። ሻምበል ልጅቷ ከመኪና ወርዳ ስትቆም ከሩቅ አዩዋትና ዱላቸውን ይዘው ቀረቡ።

«ልጄ፣ ተረከዝሽን ገጥመሽ ጣቶችሽን ወደ ውጭ ከፍተሽ ነው የምትቆሚው። ባሌት ተምረሻል?»

«አዎ፣ አባባ፤ ሩሲያ የተማረች መምህርት ነበረችን» አለች ሶልያና ተገርማ። «እርስዎ እንዴት አወቁ?»

«የበረዶው ድልድይን ታውቂዋለሽ?» አሉ ሻምበል አንድ እርምጃ ጠጋ ብለው።

ልጅቷ ወደ ምስክር ዞረች። «ወንዙን የምትሻገርበትን ክፍል ለመመረቂያችን ሠርተነው ነበር። ሙዚቃውም ስልኬ ላይ አለ። ግን ከመምህሮቻችን በቀር ሰው ፊት ሠርተነው አናውቅም፤ ማን ያየዋል?»

«እኔ አየዋለሁ!» አሉ ሻምበል፤ ዕድሜያቸውን ረስተው እጇን ጨበጡ።

ችግሩ መሬቱ ነበር። በዚያ ጠጠር ላይ በጣት ጫፍ መቆም ቁርጭምጭሚት መስበር ነው አለች ሶልያና። ይህን የሰማ ቢራራ የሚባል የዛሪማ ገበሬ ግን ከተቀመጠበት ተነሣ፤ «ድልዳል ከሆነ የቸገራት፣ አውድማ እናበጅላታለን። ዘንድሮ መቼም የምንወቃው የለን!» አለ። ወንዶቹ ዶማ ተዋሱ፤ ጠጠሩን ለቅመው፣ አፈሩን ደልድለው፣ ውሃ አርከፍክፈው ረገጡት። ከተሰደዱ ጀምሮ እጃቸው ሥራ ሲያገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እበቱን ሊለቀልቁ ሲሉ ወይዘሮ ብርሃኔ መጥታ መሐል አውድማው ላይ ቆመች። ልጇ ከሚሊሻው ጋር ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል።

«ሻምበል፣ እርስዎን እናከብራለን» አለች። «ልጄ የት እንደወደቀ ሳላውቅ እፊቴ ልታስጨፍሩ ነው?»

ወንዶቹ አቀረቀሩ። ሻምበል ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ብርሃኔ፣ ጭፈራ አይደለም። የሄደባትን ሰው የምትፈልግ ሴት ናት። አብረውኝ የተማሩትን ጓደኞቼን በየበረሃው ጥያቸው ስመጣ፣ ያለቀስኩላቸው እሷን እያሰብኩ ነው። ከፊት ተቀመጪ፤ ከከፋሽ ተነሥተሽ ቁሚ፤ ያኔውኑ አስቆመዋለሁ።»

ብርሃኔ ትክ ብላ አየቻቸውና ከአውድማው ወጣች።

ፀሐይና ነፋስ ወለሉን አደረቁት፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ጋቢውን ተከናንቦ አውድማውን ከበበ። ብርሃኔ ከፊት ተቀመጠች። ምስክር በወዲያኛው ጠርዝ እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ ሙዚቃው ከድምፅ ማጉያው ተለቀቀ፤ ሶልያናም በጣቶቿ ጫፍ ተነሣች።

ሻምበል ያዩትን ማመን አቃታቸው። የሰሜን ተራራ ከጀርባዋ እንደ ግንብ ቆሞ፣ ልጅቷ ክንዷን ስትዘረጋ ያ ሁሉ ገደል ከእጇ ሥር የወጣ መሰለ፤ አንድ እግሯን ስትሰነዝር ከእርምጃዋ ፊት ውርጩ ሲጋገር ታየ። አንዲት ሕፃን እንኳ አላለቀሰችም። የኦዴሳው ቴአትር ቤት የወርቅ ጣሪያ ነበረው፤ እዚህ ያለው ሰማይ ብቻ ነው፤ ለሻምበል ግን ከዚያኛው ይልቅ ይኼኛው በለጠባቸው።

ልክ በረዶው መሰንጠቅ ሲጀምር የድምፅ ማጉያው ጄኔሬተር ጠፋ። ሙዚቃው ቀጥ አለ። ሶልያና አላቆመችም፤ የጣቶቿ ኮቴ በደረቀው አውድማ ላይ ጠብ፣ ጠብ ሲል ለሁሉም ተሰማ። ስትዘል ነፋሱ ስስ ቀሚሷን ገፋው፤ ተንገዳገደች።

ያን ጊዜ ብርሃኔ ተነሥታ ቆመች። ሻምበል ቃላቸውን ሊጠብቁ እጃቸውን አነሡ።

«አይዞሽ!» ብላ ጮኸች ብርሃኔ። «አይዞሽ ልጄ! እንዳትወድቂ! ተሻገሪ!»

«ተሻገሪ!» አሉ ሴቶቹ ከኋላዋ፤ ወንዶቹም አሉ።

ሶልያና ፊቷን ወደ ሕዝቡ መለሰች፤ ከዚያ የመጨረሻውን ስንጥቅ በአንድ ዝላይ አለፈችና የምስክርን እጅ ያዘች። እልልታው ከገደሉ አስተጋባ። ብርሃኔ ገብታ የልጅቷን እግር ስታቅፍ፣ በጫማዋ ጫፍ ደም ወጥቶ አየች፤ በነጠላዋም ጠረገችው።

ሕዝቡ ሲበተን ሶልያና ወደ ሻምበል መጣች። «አበላሸሁት፣ አባባ፤ መስጠም ነበረብኝ።»

ሻምበል እንባቸውን ለመደበቅ አልሞከሩም። «ሊዲያ ክራቬትስ ይህን ሕዝብ አላየችውማ» አሏት።

የዚያን ዓመት ነገር የጻፉ ሰዎች የትኛው ጦር የቱን ተራራ እንደያዘ፣ ስንት ሕዝብ እንደተሰደደ ጽፈዋል፤ ሐሰትም አልጻፉም። አውድማውን የክረምቱ ዝናብ አጠበው፤ ሻምበል ገሠሠም በሦስተኛው ዓመት አረፉ። የብርሃኔ ልጅ አልተመለሰም። ዛሪማ ሰው መልሶ ከገባባት ወዲህ ግን ሴቶቹ ያንን ዘመን ሲቆጥሩ የጦርነቱ ዓመት አይሉትም፤ «ልጅቷ የተሻገረች ዓመት» ይሉታል፤ መንገደኛ ሰምቶ የምን ልጅ ብሎ ሲጠይቅ፣ ሥራቸውን አቁመው ሊያሳዩት በጣታቸው ጫፍ ለመቆም ይሞክራሉ።