ተረኛዋ

«ኧረ ሆኖካ! ቆይ፣ ቆይ!»

ናጊሳ እስክትጮህ ሆኖካ የፍል ውኃው ገንዳ ውስጥ ዘፍ ብላለች፤ ሻምፖው ፀጉሯ ላይ እንደተከመረ፣ ፎጣዋም ወገቧ ላይ እንደተጠመጠመ። አረፋው ከገንዳው ጠርዝ እስከ ጠርዝ ተንሳፈፈ።

«ምን ሆንሽ? ልለቃለቅ ብዬ እኮ ነው» አለች ሆኖካ። «ኡፍ፣ ደግሞ ሲያቃጥል!»

ገላ የሚታጠቡት ከገንዳው ውጭ ነው፤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አረፋው ጨርሶ እስኪጠፋ። ገንዳው ለመሞቅ ብቻ ነው። ፎጣ እንኳ ውኃውን አይነካም፤ ታጥፎ አናት ላይ ይቀመጣል። ይህን በመንደሩ የማያውቅ ሕፃን የለምና፣ ናጊሳ ለክፍል ጓደኛዋ መንገር ትዝም አላላት። ሆኖካ ዘንድሮ ከኦሳካ ከተማ የመጣች፣ የጋራ ገንዳ ገብታ የማታውቅ፣ ክፍሉ ሁሉ የሚከተላት ልጅ ናት። «መንደርሽን አሳዪኝ» ስትላት ናጊሳ በደስታ የምትሆነውን አጥታ ነበር።

ደግሞም ሳምንቱ የእነናጊሳ ነው። ፍል ውኃውን የሚያጸዱትና የሚጠብቁት የመንደሩ ቤቶች በየተራ ናቸው። እናቷ እጇን ስለተሰበረች በዚህ ሳምንት ተረኛዋ ናጊሳ ናት። ጠዋት ወለሉን ስትፈገፍግ ኩራቷ ሌላ ነበር።

ሆኖካን አስወጥታ አረፋውን በባልዲ መጨለፍ ስትጀምር፣ ጎረቤታቸው እማማ ቶሜ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ውኃውን ሲያዩ ክው አሉ።

«ምን ጉድ ነው ይሄ! ያቺ ፈረንጅ ናት አይደል? አሁን በር ላይ አግኝቻት፣ ጎንበስ ብላ ሰላም ስትለኝ ጨዋ መስላኝ! እንግዳ አይግባ ብዬ ነበር እኮ! ዛሬ ስብሰባ ላይ በሩን ነው የማዘጋባቸው!»

ሆኖካ የናጊሳን ክንድ ቆነጠጠች። «በናትሽ ዝም በይ» አለች በሹክሹክታ። «ክፍል ውስጥ ከተሰማ አለቀልኝ። ሴትዮዋ እንደሆነች ሄዳለች።»

ዝም ማለት ቀላል ነበር። ግን ናጊሳ ቅድም ፈረንጇን ስትታጠብ አይታታለች። ደጋግማ ተለቃልቃ፣ በርጩማውን እንኳ አጥባ ነው ለሚቀጥለው ሰው የመለሰችው። ናጊሳም «እንዲህ ነው እንጂ!» ብላ በሆዷ ኮርታባት ነበር። አሁን በዚያች ሴት ላይ ሊፈረድባት ነው።

«እማማ፣ እሷ አይደለችም» አለች። «እሷማ ከኔ በላይ ነው የታጠበችው። ይቺ የኔ እንግዳ ናት። ሥርዓቱን ሳላሳያት ያስገባኋት እኔ ነኝ።»

እማማ ቶሜ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«እናትሽ የት አለች? ተረኛዋ እሷ አይደለችም?»

«እኔ ነኝ። ውኃውን ለቅቄ፣ ገንዳውን ፈግፍጌ እንደገና እሞላዋለሁ።»

«እስኪሞላ እኮ ይመሻል! ሰዉ ሁሉ ደጅ ሊገተር ነው!»

«አውቃለሁ፣ እማማ። ይቅርታ።»

አሮጊቷ ፎጣቸውን ጠቅልለው እያጉረመረሙ ወጡ።

«አዋረድሽኝ» አለች ሆኖካ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ እየተጣደፈች ልብሷን ለበሰች። «ነገ ክፍል ውስጥ እንዳታናግሪኝ!»

ናጊሳ ሆኖካን አጣኋት ብላ በእርግጥ አዝናለች። ቢሆንም የተናገረችውን መልሳ መዋጥ አልፈለገችም።

«ሌላ ብሩሽ በሩ ጀርባ አለ፤ ከፈለግሽ» አለቻት። ሆኖካ ትውሰደው አትውሰደው ናጊሳ ዞራ አላየችም። ጎንበስ ብላ ውታፉን ነቀለች፤ ውኃው እየተንደቀደቀ መውረድ ጀመረ።

ከደጅ የሰዎች ድምፅ ተሰማ። ጎረቤቶቹ መምጣት ጀምረዋል። አንዷ «ምነው፣ ዛሬ አይገባም እንዴ?» ስትል ሰማች።

«ቁጭ በይና ጠብቂ!» አሉ እማማ ቶሜ ጮክ ብለው። «እኔም እየጠበቅሁ ነው። ተረኛዋ ሥራ ላይ ናት!»

ናጊሳ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችና ገንዳው ውስጥ ገባች።