አሥራ አራት ሴት፣ አንድ ቀሚስ

በጅማ፣ በአወቱ መንደራ ሰፈር ፎቶ አለኝ የሚል ሰው ሁሉ የተነሳው ፎቶ አንሺው ጅብሪል ፊት ቆሞ ነው። ሙሽራው፣ ሐጅ የሚሄደው፣ መታወቂያ የሚያወጣው፣ ለውትድርና የተጠራው፣ ሁሉም። ከስቱዲዮው በር ሦስት እርምጃ ርቃ በረንዳ ላይ ስትሰፋ የምትውለው ሐጂራ ግን አንድም ቀን «ነይ ላንሳሽ» ተብላ አታውቅም። ይህ ነገር ዓመት ሙሉ ሆዷን ሲበላት ኖሯል።

አባቷ አቶ አባቦራ ልብስ ሰፊ ናቸው። እሳቸው የስፌት መኪናውን ሲረግጡ እሷ ጥልፍ ትጠልፋለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ትተኩሳለች። በግራ እጇ አውራ ጣት ሥር ያለችውን ጠባሳ ያተረፈላት የከሰል ካውያው ነው። ጥፍሮቿ ከዓመት ዓመት በሂና የቀሉ ናቸው።

ጅብሪል ከወልቂጤ በኩል የመጣ ልጅ ነው። አጎቱ ካሜራውንና ስቱዲዮውን ትተውለት ካረፉ ወዲህ በጅማ ዘመድ የሚለው የለውም። ዓይን አፋር ነው። ካሜራው ጀርባ ቆሞ ጥቁሩን ጨርቅ ሲከናነብ ግን አንደበቱ ይፈታል። «እትዬ፣ አገጭዎን ቀና! ጎሽ! አሁን ገና አማረብዎት!» ይላል። ጨርቁን ሲገልጥ አፉ ተመልሶ ይለጎማል።

በ1979 ዓ.ም. አንድ ቀን ነጭ ሸማ ታቅፎ በረንዳው ላይ ቆመ።

«ሐጂራ... ለስቱዲዮው አንድ የባህል ቀሚስ ስፊልኝ። ልብስ የሌላት ደንበኛ ለብሳው የምትነሳበት።»

«በማን ልክ?»

መሬት መሬት እያየ፣ «በራስሽ ልክ» አለ።

«የጅማ ሴት ሁሉ እንደኔ ቀጭን ናት እንዴ?»

«አይደለችም። ግን... በራስሽ ልክ ይሁን።»

ሁለት ወር ፈጀባት። ደረቱና ጠርዙ ላይ የቡና ቅርንጫፍ ጠለፈችበት፤ ፍሬውን ለለቀማ እንደደረሰ የሰርቦ ቡና ቀይ አደረገችው። ስትጨርስ ለብሳ ልኩን አየች፣ አወለቀችና አስረከበች። እሱም «አላህ ይስጥሽ» አለ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመረም።

ቀሚሱ ከኋላ ከአንገት እስከ ወገብ በቁልፍ የሚዘጋ ነው። ደንበኛዋ ወፈር ያለች እንደሆነች ቁልፉ ሳይቆለፍ ይቀራል፤ ከሐጂራም የቀጠነች እንደሆነች ትርፉ ከኋላ ይጨበጣል። ያን ጊዜ ጅብሪል በር ላይ ብቅ ይልና «ሐጂራ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ አንዴ ያዢልኝ» ይላል። እሷም ከደንበኛዋ ጀርባ አጎንብሳ ጨርቁን ትይዛለች። ካሜራው ጠቅ ይላል፤ እሷ ወደ በረንዳዋ ትመለሳለች። ታጥቦ የወጣውን ፎቶ ደንበኞቹ በፖስታ ይዘው ይሄዳሉ። ሐጂራ አንዱንም አይታ አታውቅም።

ነገሩ የተነሳው በ1980 ዓ.ም. ነው። ግንቦት አሥራ ሰባት የአፍሪካ ቀን ነውና፣ በዚያ ዓመት የአፍሪካ ባህላዊ አለባበስ የፎቶግራፍ ውድድር በከተማው ታወጀ። ተሳትፎው በፈቃደኝነት ነው ተባለ፤ ቀጥሎም እያንዳንዱ ቀበሌ ሃያ ሃያ ፈቃደኛ እንዲያቀርብ ታዘዘ። ዳኛው ሕዝቡ ነው። አዳራሹ የገባ ሁሉ በር ላይ አንድ ፍሬ ቡና ይሰጠዋል፤ ከወደደው ፎቶ ሥር በተቀመጠው ጣሳ ውስጥ ይጥላል። አንደኛ የወጣው ፎቶ አዲስ አበባ ሄዶ ከሌሎቹ ክፍለ ሀገሮች ጋር ይወዳደራል። ጥብቅ የተባለው ደንብ አንድ ብቻ ነበር፤ ልብሱ የራስ መሆን አለበት።

መጀመሪያ የመጡት የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር እትዬ ብርሃንነሽ ናቸው። በሩን ከኋላቸው ዘጉና፣ «ስማ ጅብሪል፣ ያንን የቡና ጥልፍ ያለውን ቀሚስ አልብሰህ አንሳኝ። የራሴ ነው ብዬ ነው የማስመዘግበው። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል!» አሉት። ማለላቸው። ሐጂራንም አስማሏት። በማግስቱ ወይዘሮ ውብነሽ መጡና ይህንኑ አሉ። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። ጅብሪል ምስጢር ጠባቂ ነው፤ ጥፋቱም እሱ ነው። አሥራ አራት ሴት ለብሳ ተነሳች፤ እያንዳንዷም የለበስኩት እኔ ብቻ ነኝ ብላ ሄደች።

ከኢድ በኋላ በነበረው እሁድ አቶ አባቦራ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የሰርቦው ቡና ነጋዴ ለልጃቸው ለሱሌይማን ሽማግሌ ልከዋል። ልጁ ደህና ልጅ ነው ይሉታል። መልሱን ለመጪው እሁድ ቀጥሬያለሁ። እኔ አላስገድድሽም። ልብሽ ሌላ ቦታ ካለ ንገሪኝ።»

ሐጂራ የቀሚሷን ጫፍ ስትጠቀልል ቆየች። ያልጠየቃትን ሰው ስም እንዴት ብላ ትጥራ?

«የለም፣ አባ» አለች።

በማግስቱ ጅብሪል ለአሥራ አራተኛዋ ደንበኛ ለሀዋ ጨርቅ እንድትይዝ ጠራት። ሐጂራ ከሀዋ ጀርባ አጎንብሳ፣ ፊቷ ስለማይታይ ነው መሰል፣ ድፍረት አገኘች።

«እሁድ አባቴ ለሰርቦ ሽማግሌዎች መልስ ይሰጣል» አለች።

ጅብሪል ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ ነበር። ጨርቁ አልተንቀሳቀሰም።

«ሌላስ... የጠየቀሽ ሰው የለም?»

«ማን ይጠይቀኛል? የለም።»

ጅብሪል ከጨርቁ ሥር፣ «ሽማግሌ የሚልክለት ወገን ያለው ሰው የታደለ ነው» አለ።

«እኔስ የታደልኩ መቼ ነኝ? እግሬ ደነዘዘ እኮ፣ አቦ!» አለች ሀዋ። ካሜራው ጠቅ አለ።

ሐጂራ በረንዳዋ ላይ ተመልሳ መርፌ አነሳች። እንኳን ደስ ያለሽ ማለቱ ነው ብላ ደመደመች። ያን ቀን መርፌው አራት ጊዜ ወጋት፤ አራቱንም ጊዜ ያስለቀሳት መርፌው አልነበረም።

ረቡዕ፣ የውድድሩ ዕለት፣ ከአባቷ ጋር አዳራሹ ሄደች። ጠዋት የጣለው ዝናብ ካፊያው ገና አላባራም፤ ሰዉ ግን ከቦሳ ኪቶም ከሌላውም ቀበሌ ጎርፎ መጥቷል። ፎቶዎቹ በግድግዳው ዙሪያ ተሰቅለዋል። መጀመሪያ አንዲት ሴት ሳቀች። ከዚያ ሌላው ጣቱን ቀሰረ። ትንሽ ቆይቶ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«ወይዘሮ ውብነሽ፣ ምን ሲደረግ ቀሚሴን ለበሱት!» አሉ እትዬ ብርሃንነሽ።

«ቀሚስዎን? ከአያቴ የወረስኩት ነው ብዬ ያስመዘገብኩትን?»

«ታዲያ እኔ የለበስኩት የማነው?» አለች ሀዋ ከወዲያ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ያን ቀን ግን የዓመቱ ጉድ በግንቦት ተሰማ። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ «ጸጥታ! ደንብ ደንብ ነው! ልብሱ የራስ ስላልሆነ አሥራ አራቱም ይሰረዛሉ!» አለ። ጅብሪል በሩ አጠገብ ግድግዳው ይዋጠኝ የሚል መስሎ ቆሟል።

በዚህ ሁሉ ትርምስ መሃል አቶ አባቦራ መነጽራቸውን አውጥተው ወደ ፎቶዎቹ ተጠጉ። የሄዱት የልጃቸውን ጥልፍ ሊያዩ ነው፤ ልብስ ሰፊ ሳቅ አያዘናጋውም። ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ጅብሪል ግን የቡናውን ፍሬ አንድ በአንድ በቀጭን ብሩሽ ቀይ ቀብቶታል። ሌላም የቀባው ነገር ነበር። ከእትዬ ብርሃንነሽ ወገብ አጠገብ፣ በፎቶው ጠርዝ፣ ጨርቁን ከኋላ የያዘች አንዲት እጅ ትታያለች። ጥፍሮቿ እንደ ፍሬው ቀይ ናቸው። ከአውራ ጣቱ ሥር ጠባሳ አለ።

አዛውንቱ ወደሚቀጥለው ፎቶ ሄዱ። እጂቱ አለች። ወደ ሦስተኛው ሄዱ። አለች። አሥራ አራቱን ዞረው ሲጨርሱ አዳራሹ ሁሉ ዓይኑን እሳቸው ላይ ጥሎ ነበር። ሐጂራ የራሷን እጅ በፎቶዎቹ ላይ ያየችው ያን ጊዜ ነው። እጇን ሻሿ ሥር ደበቀች።

«ጅብሪል» አሉ አቶ አባቦራ፣ «ና እስቲ ወዲህ።»

መጣ።

«የብርሃንነሽን ማዲያት በእርሳስ ያጠፋህ ሰው፣ የልጄን ጠባሳ ማጥፋት አቃተህ?»

«ማዲያት የለብኝም!» አሉ እትዬ ብርሃንነሽ። ማንም አልሰማቸውም።

«አላቃተኝም፣ አባባ።»

«ጠርዙን ቆርጦ መጣልስ?»

«እሱም አላቃተኝም።»

«ታዲያ ምንድነው?»

የሚከናነበው ጥቁር ጨርቅ አልነበረም። ጅብሪል ዙሪያውን አየ፤ መጨረሻ ላይ ሐጂራን አየ። ከሷ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ተናገረ።

«ፎቶ ላንሳሽ ልላት ዓመት ሙሉ ሞከርኩ። ወላሂ፣ አፌ እምቢ አለኝ። እጇ ግን ሳልጠራው መጣልኝ። እንዴት አድርጌ ልቁረጠው?»

ሐጂራ ደስታ ሰውን እንዲህ እንደሚያስደነግጥ አታውቅም ነበር። በራስሽ ልክ ያላት ትዝ አላት፤ ከጨርቁ ሥር ያለውም ትዝ አላት፤ ሁሉም ነገር አሁን ገባት። እጇን ከሻሿ ሥር አወጣችና ሰው ሁሉ እያየው እንባዋን ጠረገችበት።

«ይኸው!» ብለው ጮኹ እትዬ ብርሃንነሽ። «ሳይደግስ አይጣላም! የቀሚሱ ባለቤት ማን እንደሆነች ታወቀ። የሰፋችው እሷ፣ በልኳ የተቆረጠ። ውድድሩ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው አይደል? ጅብሪል፣ ካሜራህን! ሴቶች፣ ፎቶዎቻችንን እናውርድ!»

ቀድመው የራሳቸውን ያወረዱ እሳቸው ናቸው። ወይዘሮ ውብነሽ ትንሽ አንገራገሩ፤ «አምሮብኝ ነበር እኮ» አሉና አወረዱ። ሌሎቹም ተከተሉ። ወንበር ላይ የወጣው ሰውዬ ደንቡን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ የሚከለክል ቃል ቢያጣ ወረደ።

ቀሚሱ መጣ። እትዬ ብርሃንነሽ ከአንገት እስከ ወገብ ቆለፉላት፤ የቀረ ቁልፍ፣ የተረፈ ጨርቅ አልነበረም። ካፊያው ቆሟል። አሥራ አራቱ ሴቶች የአዳራሹን ነጭ መጋረጃ አውርደው ደረጃው ላይ ከኋላዋ ወጠሩላት።

ጅብሪል ጥቁሩን ጨርቅ ተከናነበ፣ አስተካከለ፣ ከዚያ ግን ወጣ። ፊት ለፊት ቆመ።

«ሐጂራ፣ ፎቶ ላንሳሽ?»

«እስከዛሬ የት ነበርክ?» አለችው። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ ፊቷ ግን ፈገግ ብሏል። «አንሳኝ።»

ካሜራው ጠቅ አለ።

ፎቶው ሳይደርቅ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ተሰቀለ። በዙሪያው ሁሉ መጋረጃውን የያዙ ጣቶች ይታያሉ፤ የወፍራም፣ የቀጭን፣ የባለ ቀለበት። አስተባባሪው «ጠርዙን ቁረጠው እንጂ» ቢለው ጅብሪል «አልቆርጥም» አለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ሰው እስከ በሩ ተሰለፈ። ጣሳው ሞላ፣ ባልዲ መጣ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፍሬ መቁጠር አላስፈለገም። ፎቶው አዲስ አበባ ሄዶ ስንተኛ እንደወጣ ጅማ እስከዛሬ አልጠየቀችም።

አቶ አባቦራ በማግስቱ ሰርቦ ድረስ ራሳቸው ሄደው ሽማግሌዎቹን በክብር አሰናበቱ። ስለ ጅብሪል ግን ትንፍሽ አላሉም። ሽማግሌ ያልላከ ሰው መልስ አይሰጠውም።

እሁድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እትዬ ብርሃንነሽ ከፊት፣ አሥራ ሦስት ሴት ከኋላ።

«ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ አቶ አባቦራ።

«ሽማግሌ ሆነን ነው የመጣነው።»

«ሱብሐናላህ! ሽማግሌ ወንድ ነው ሲባል ነው የማውቀው።»

«ጅብሪል ወገን የለውም ያለው ማነው? አሥራ አራት እናት አለው። ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው። እሺ ሳይሉን አንቀመጥም!»

«ሁላችሁን የሚችል ወንበርም የለኝ» አሉ፤ ሳቃቸውን ግን መያዝ አልቻሉም። ከዚያ ዞረው ልጃቸውን ጠሩ። «ኢንተላ ኮ፣ ልብሽ ሌላ ቦታ ካለ ንገሪኝ ብዬሽ ነበር።»

በበሩ ክፍተት፣ ከበረንዳው ማዶ፣ ጅብሪል ይታያታል። የኢድ ጃኬቱን ለብሶ፣ ሁለት እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ቆሟል። ሐጂራ አላጎነበሰችም፤ ከማንም ጀርባ አልቆመችም።

«አለ፣ አባ» አለች።

አቶ አባቦራ መነጽራቸውን አወለቁ። ሴቶቹን አንድ በአንድ አዩና ምንጣፉን በእጃቸው አመለከቱ።

«እንግዲያው ቁጭ በሉ» አሉ።