ፊልሙ ላይ የምትናገረው ልጅ

የሺወርቅ አንድ ዓይኗን ጨፍና ሌላውን ካሜራው ላይ ለጠፈች። ጥቁር ሰሌዳው ታየ፤ ከፊቱም ሁለት አግዳሚ ወንበሮች። ጫማና ንጹሕ የደንብ ልብስ ያላቸው ልጆች ሁሉ እዚያ እንዲቀመጡ ተደርጓል።

«ጋሼ፣ ከኋላ ያሉትስ የት ሄዱ?»

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሳቁ። ስለ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ፊልም ሊያነሡ ከአዲስ አበባ ነቀምቴ ከገቡ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። «የትም አልሄዱም። መሣሪያው ሁሉን አይዝም፤ እኛ ነን የምንመርጥለት።»

«በምን ነው የሚመርጡት?»

«አንቺ ልጅ፣ ጥያቄሽ አያልቅም!» አሉና አንድ ወረቀት ሰጧት። «ይልቅ ይህን አጥኚ። ከእረፍት በኋላ ትናገሪዋለሽ።»

ልቧ ዘለለ። ከሰባተኛ ክፍል ሁሉ እሷ! ፊልሙ በየከተማው ይታያል ተብሏል። ወረቀቱን ገልጣ አነበበች። «የገበሬ ልጅ ነኝ። በየቀኑ ሁለት ሰዓት በእግሬ ተጉዤ ትምህርት ቤት እደርሳለሁ...»

የእሷ አባት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ስለሚዋሰን፣ ደወል ሲመታ ቁርሷን እያኘከች ሮጣ ትደርሳለች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ድርቤ ናት፤ ጓደኛዬ።»

«አውቃለሁ፤ መምህር ሞረዳ ናቸው የነገሩኝ። ጎበዝ ናት አሉ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን አማርኛዋ ይሰባበራል፤ ሰው ይስቅባታል። ያንቺ ጥርት ያለ ነው።»

በእረፍት ሰዓት ድርቤን ከክፍሉ ጀርባ የተጠበሰ በቆሎ ስትበላ አገኘቻት።

«ኮቱ፣ ነይ ተቀመጪ» አለቻት ድርቤ ኦሮምኛውን ከአማርኛ ቀላቅላ። ወረቀቱን ተቀብላ ቀስ ብላ አነበበችና ፈገግ አለች። «ተሳስተዋል። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ወንዙ ሲሞላማ ይብሳል፤ ወንድሜ ነመራ መጥቶ እስኪያሻግረኝ ድንጋይ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።»

ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሺወርቅ ይህን ጠይቃት አታውቅም። «ያን ሁሉ መንገድ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?»

«የማባዣ ሰንጠረዥ እላለሁ። ዳገቱን በእኛ ቋንቋ፣ ቁልቁለቱን በአማርኛ፣ በሩ ጋ ስደርስ በእንግሊዝኛ።»

«ስንት ላይ ትደርሻለሽ?»

«እንደ ጭቃው ነዋ!»

ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ድርቤ ወረቀቱን መለሰችላት። «ግድ የለም፣ አንቺ በይው። አሳምረሽ ትይዋለሽ። ግን እናቴ ፊልሙን ብታይ፣ የእኔ ነገር መሆኑን በምን ታውቃለች?»

የሺወርቅ ወረቀቱን እንደገና አነበበችው።

ከእረፍት መልስ ካሜራው መንሿሿት ጀመረ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ በእጃቸው ምልክት ሰጧት።

«የገበሬ ልጅ...» አለችና ቆመች። «አይደለሁም። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው። በእግሯ የምትመጣው ድርቤ ናት፤ ያቻትና፣ መስኮቱ ጋ።»

«አቁም!» ሰውየው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ፊልም እኮ እንደ ጠመኔ አይደለም፣ ልጄ! አንዴ ከተበላሸ ተበላሸ ነው።»

«ይቅርታ ጋሼ። ግን ወረቀትዎ ላይ ወንዙ የለም።»

«የምን ወንዝ?»

በሩ አጠገብ የቆሙት መምህር ሞረዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሷን ይጠይቋት» አሉ።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጥቂት አሰቡና ድርቤን በእጃቸው ጠሯት። የሺወርቅ ቦታዋን ለቃ ሄዳ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ድርቤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ነመራ ተናገረች። ሁለት ጊዜ ተደናቀፈች፤ አንዱን ቃል አጥታ በራሷ ቋንቋ ተካችው። ማንም አልሳቀም። ሰውየውም «አቁም» አላሉም።

የሺወርቅ አሁን ፊልም ላይ የለችም፤ ለአባቷ ምን እንደምትል ገና አላወቀችም። ሆኖም ጆሮዋ ከድርቤ አልተነቀለም። ውሃው ስንት ክንድ ይሆን? ማዶ ማን ይኖራል?

ድርቤ ላቧን እየጠረገች መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አርብ ከትምህርት በኋላ አብሬሽ ልሂድ?» አለቻት የሺወርቅ።

«ይደክምሻል።»

«ይድከመኝ» አለች። ደብተሯን ገልጣም፣ መንገዱ ላይ ያሉትን መንደሮች ስም አንድ በአንድ ትጠይቃት ጀመር።