ከጠመኔው መስመር ያለፈ ጨርቅ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ቀድማ የምትስቅ ልጅ ነኝ፣ ወንዝ ዳር ስለሚጣራ ድምፅ ሲወራ «ነፋስ ነው» ብዬ የምሞግት፣ በማስመሪያ ያልለካሁትን የማላምን፣ ይሄንንም የምነግራችሁ ለክቼው ስለሆነ ነው፣ እመኑኝ።

አክስቴ ሙሉ ቡሬ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበረች። ክረምት ክረምት እሷ ዘንድ እየሄድኩ ነው መርፌ መያዝ የተማርኩት፣ ሁለት ነገር ደግሞ አጥብቃ ትነግረኝ ነበር፤ ጨርቅ ሲቆረጥ ለእጥፋቱ ዙሪያውን አንድ ጣት ይተዋል፣ ወር በገባ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ መቀስ አይነካም። ሙሽራ ፊቷ ቆማ ብታለቅስ እንኳ በዚያ ቀን መቀሷ ከሳጥን ወጥቶ አያውቅም። «በማርያም ቀን የተቆረጠ ልብስ ይከብዳል» ትላለች።

አምና አረፈች፣ የአራት ዓመት ልጇ ቃልኪዳንም እኛ ዘንድ ፍኖተ ሰላም መጣች። ከተዝካሩ በኋላ የአክስቴ ልብስ ሁሉ ለነዳያን ሲሰጥ እማየ አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ብቻ አስቀረች፣ ቃል እሱን ካላቀፈች እንቅልፍ አይወስዳትማ። ቀሚሱ ግን ከመጎተት ብዛት መተርተር ጀመረ። እኔም ስልክ ላይ ጨርቅ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን እየተቆረጠ፣ ጠርዙ በወረቀት ላይ እየታጠፈ፣ በእጅ ተገጣጥሞ ብርድ ልብስ ሲሆን አይቼ ነበርና «እኔ እሠራላታለሁ» አልኩ፣ ደስታዬን ብታዩት።

«ካበላሸሽው ሌላ የላትም፣ እወቂው» አለችኝ እማየ ቀሚሱን ስትሰጠኝ።

በሃያው ቀን ከጠዋት ጀምሬ ቀሚሱን ዘርግቼ፣ ከካርቶን ያወጣሁትን ቅርፅ እያስቀመጥኩ ዙሪያውን በነጭ ጠመኔ አሰመርኩና በመስመሩ በመስመሩ ቆረጥኩት፣ መቶ ሃምሳ ቁራጭ፣ ሁሉም እኩል፣ እያዜምኩ ነበር የምሠራው። ከዚያ የመጀመሪያውን ወረቀት ላይ አድርጌ ላጥፍ ስል የሚታጠፍ ጨርቅ የለም። አንድ ጣቱን ረስቼዋለሁ፣ በሁሉም ላይ። ወረቀቱን ባሳንሰው ደግሞ ብርድ ልብሱ ከግማሽ በታች ይሆናል፣ የቃል እግር ውጭ ይቀራል፣ አስልቼዋለሁ።

ቁራጮቹን በክር አሥሬ ከመቀሱ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባቸው፣ ቁልፉን ማተቤ ላይ አሠርኩት፣ ነገ ለእማየ እነግራታለሁ ብዬ። ማታ ቃል «ቀሚሱስ?» አለችኝ። «እየታጠበ ነው» አልኳት። ስታለቅስ ነጋ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ እማየ ቃልን ይዛ ማኅበር ሄደች፣ እኔ ደጃፉ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ የምናዘዘውን እያሰላሰልኩ ሳለ ከቤት ውስጥ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ። አይጥ ነው አልኩ። ግን ስድስት ጊዜ ቀጭ ይልና ያርፋል፣ እንደገና ስድስት፣ እንደገና ያርፋል፣ ቆጥሬዋለሁ እኮ። ዘው ብዬ ስገባ ጸጥ አለ። ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው።

ስወጣ ጎረቤታችን እትየ ጥሩሰው አንገታቸውን በአጥሩ ላይ አስግገው ጠበቁኝ።

«አንች ልጅ፣ በማርያም ቀን መቀስ ታንቀጫቅጫለሽ?»

«እኔ አይደለሁም እትየ፣ መቀሱም ተቆልፎበታል።»

«ታዲያ ማን ነው፣ አይጡ ልብስ ሰፊ ሆነ? እኔ ደግሞ አስቀድሳ መጣች ብዬ ስመርቅሽ።»

እሳቸውም ሰምተውታል ማለት ነው። ቁልፉን ከማተቤ ፈታሁት።

ሳጥኑን ከፈትኩት። ቋጠሮው የእኔው ቋጠሮ ነው። ክሩን ፈትቼ አንዱን ቁራጭ አነሳሁ፣ የጠመኔ መስመሬ እዚያው ነው፣ ጨርቁ ግን ከመስመሩ አልፎ ወጥቷል፣ ዙሪያውን አንድ ጣት። ትናንት መስመሩ ላይ የቆረጥኩት ጨርቅ። መቶ ሃምሳውንም በማስመሪያ ለካሁ፣ አንድም የጎደለ የለም።

እማየ ስትመጣ ከጥፋቴ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። አንዱን ቁራጭ ወደ ብርሃን አንስታ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ሙሉ ናት» አለች። «ለልጇ ብላ ነው።» ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም።

ሰፍተን ጨረስነው። ቃል እሱን ለብሳ ትተኛለች፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትገላበጥ ይነጋል። እማየ ተመስገን ትላለች፣ እኔም እላለሁ፣ ግን ሙሉ በማርያም ቀን መቀስ ነክታ አታውቅም፣ ይሄን እማየ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

ወረቀቱ ሁሉ ወጥቶለታል፣ ከሥሩ ያለው ስስ የአቡጀዴ ገበር ብቻ ነው፣ ሆኖም ማታ ማታ ቃልን ላለብሳት ሳነሳው ይከብደኛል፣ በሁለት እጄ ነው የማነሳው። መንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ ሚዛን አለው። ብርድ ልብሱን ግን እስካሁን ወስጄ አላስመዘንኩትም።