ያልተንጋደደ ጎማ

ዋራንዲን ጥፋተኛውን ለማግኘት ሬሳው እስኪነሳ እንኳ አልጠበቀችም። ክሌም ሃላም አርብ ከቀትር በኋላ በአባቱ አሮጌ ፒክአፕ ስር ግንባሩ ተሰብሮ ተገኘ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ የማርሊን ዱጋን ጋራዥ መስኮት በድንጋይ ወርዷል። በዚያች የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ከተማ እንዲህ በፍጥነት የተሠራ ሥራ የለም።

የማርሊን ወንጀል ምክር መስጠቷ ነው። በዚያ አገር ፒክአፑ ፊቱን ደፍቶ ከሄደ ባለቤቱም አንገቱን የደፋ ይመስለዋል። ስለዚህ የመጠጥ ቤቱ ወሬ ሁሉ የመኪናን ፊት በርካሽ ስለማንሳት ነው፤ አንዱ ሞላው ላይ ብረት ይደርባል፣ ሌላው የሚስቱን የፕላስቲክ መክተፊያ ቆራርጦ ይሰካል፣ ከዚያ ሁለቱም ራሳቸውን መሐንዲስ ይላሉ። የክሌም ፒክአፕ ግን ከፊት ሞላ የለውም። ፊቱን የሚሸከሙት በሻንሲው ስር የተዘረጉ ሁለት የሚጠመዘዙ የብረት ዘንጎች ናቸው፤ የዘንጎቹ ብሎን ሲጠብቅ ፊቱ ይነሳል። አንድ ቁልፍና አንድ ክሪክ ይበቃል። ይህን ለክሌም ያሳየችው ማርሊን ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት ሳጅን ኖሪን ፓስኮ ከትልቁ ከተማ ስትደርስ፣ የዋራንዲኑ ፖሊስ ቤቫን ጋራዡን አሽጎ እጁን እያራገፈ ነበር።

«በከንቱ ደከሙ፣ ሳጅን» አላት። «ክሪኩ ሸርተት አለ፣ መኪናው ወረደበት። ያለ መደገፊያ እንዲሠራ የመከረችው ሴትዮዋ ናት። ሰኞ የጋራዥ ፈቃዷን ትነጠቃለች።»

«ይህን ያየኸው አንተ ነህ ወይስ ከተማው?»

«ሁላችንም።»

«እንግዲያው ሁላችሁም ዝም በሉና እኔ ደግሞ ልይ።»

የሃላሞች መጋዘን ከቤቱ ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ጥላ ነው። ሬሳው ተነስቷል፤ ፒክአፑ ግን እንደተገኘ ቆሟል። ኖሪን ከፊቱ ቁጢጥ ብላ ሁለቱን ጎማዎች ተራ በተራ አየቻቸው። ቤቫን ሰዓቱን ማየት እስኪጀምር ድረስ አልተነሳችም። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ መሬቱን ሙሉ በሙሉ ረግጠው ተቀምጠዋል።

«ከትናንት ወዲህ የነካው አለ?»

«የለም። ሬሳውን ጎትተን ስናወጣ እንኳ ከጎን ነው። ፎቶም አለ።»

ክሪኩ ከሞተሩ ስር በጎኑ ተጋድሟል። የአቧራና የቅባት ቅርፊት ለብሷል፤ ረጅም የብረት እጀታው ግን እንደ ማንኪያ የጠራ ነው። ኖሪን አሸተተችው። ቤንዚን ይሸታል። ኮፈኑን ስትከፍት የባትሪው ቦታ ባዶ ነበር።

«ማርሊን ዘንድ ቻርጅ ላይ ነው» አለ ቤቫን። «ክሌም ከሐሙስ ጀምሮ ትቶት ነበር።»

ኖሪን ኮፈኑን ዘጋችው።

ማርሊን በታሸገው በሯ ፊት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ሲጋራ ታጨሳለች። መንገድ ላይ የሚያልፈው ሁሉ ፍጥነቱን ቀንሶ ያያታል፤ እሷም አንድ በአንድ መልሳ ታያቸዋለች።

«ምን ብለሽ መከርሽው?»

«ክሪክን አትመን፣ ከሻንሲው ስር ግንድ አስገባ አልኩት። ሁለቱን ብሎን እኩል አጥብቅ፣ አውርደው፣ ከዚያ ወደፊትና ወደ ኋላ ግፋው። ቤቫን ግን የሰማው የፈለገውን ነው። የዚያ ሰውዬ ጆሮ ለባርኔጣ ማቆሚያ ነው የተሠራው።»

«ትናንት ከቀትር በኋላ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ፣ ከትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ስር። ሾፌሩ ራሴ ላይ ቆሞ ሲነዘንዘኝ ዋለ። ጠይቂው፤ ስለ ሚስቱም ይነግርሻል።» ሲጋራዋን በጫማዋ ደፈጠጠችው። «ባሌ ሲሞት የቀረኝ ይህ በር ብቻ ነው። ሰኞ ከተዘጋ ሌላ የምከፍተው በር የለኝም። ልታለቅሺልኝ አልነገርኩሽም፤ እወቂው ብዬ ነው።»

«እኔም ለማልቀስ አልመጣሁም» አለች ኖሪን።

የክሌም ሚስት ትሪና ከፈረስ ወድቃ ግራ እጇ በጄሶ ታስሯል። በሯን ከፈተች እንጂ ግቢ አላለቻትም።

«ባሌን ማን እንደገደለው ከተማው ሁሉ ያውቃል። አንቺ ምን ትቆፍሪያለሽ?»

«ምን ሰማሽ?»

«ምንም። የልብስ ማጠቢያው ይጮህ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ሮይስ እየሮጠ መጥቶ ጠራኝ።»

«ወንድማማቾቹ ይዋደዱ ነበር?»

ትሪና ከአፍንጫዋ ሳቀች። «አባታቸው ፒክአፑን ለታናሹ ካወረሰ ወዲህ ሮይስ እቤቴ ሻይ ቀምሶ አያውቅም። ክሌም ፊቱን ሊያነሳው ነው ሲባል ደግሞ፣ ‹የአባቴን መኪና የሰርከስ ፈረስ ሊያደርገው ነው› ብሎ መጠጥ ቤት ውስጥ ጮኸ። ዛሬ በከተማው ዓመታዊ ትርኢት ላይ ሊያቆመው ነበር፣ ክሌም።» ከዚያ በሩን ዘጋችው።

ሮይስ ሃላም የአጥር ሽቦ እየወጠረ ነበር። ወንድሙ በሞተ ማግስት አጥር የሚሠራ ሰው ወይ ልቡ ተሰብሯል ወይ ልብ የለውም። ትከሻው እንደ ግድግዳ ነው።

«በዓይኔ አይቻለሁ» አላት፣ ሽቦውን ሳይለቅ። «ከመጋዘኑ በር ላይ ነበርኩ። ክሪኩ ሸርተት አለና መኪናው ወረደበት። በቃ።»

«ልታነሳለት አልሞከርክም?»

«ግንባሩን አየሁት። የሞተ ሰው ማውጣት ምን ይጠቅማል?»

«ፒክአፑንም አልነካኸውም?»

«ስንቴ ልንገርሽ? ቤቫን እስኪመጣ ማንም አልነካውም። ትሪናን እንኳ ከበሩ የያዝኳት እኔ ነኝ። አሁን ሂጂና ያቺን ሴትዮ እሰሪልን።»

ከቀትር በኋላ ኖሪን ሁሉንም ወደ መጋዘኑ ጠራቻቸው። ከሜዳው የትርኢቱ ድምፅ ማጉያ እየተቆራረጠ ይሰማል። ትሪና አንዱ ምሰሶ ጋ፣ ማርሊን ሌላው ጋ ቆሙ፤ በመካከላቸው ያለው አየር ክብሪት ቢጫርበት የሚነድ ይመስል ነበር። ሮይስ ክንዱን አጣምሮ በሩን ሞላው።

ቤቫን በታዘዘው መሠረት የፒክአፑን ፊት በሌላ ክሪክ አንስቶ መልሶ አወረደው። መኪናው ግን ወርዶ አልወረደም። ፊቱ ከቅድሙ ከፍ ብሎ ቀረ፤ ሁለቱ ጎማዎችም ከታች ወደ ውስጥ ገብተው፣ አሁን እንደተወለደ ጥጃ እግር ተንጋደዱ።

ኖሪን እንደዚያው ተወችው።

«ከክሌም ክሪክ እጀታ ልጀምር» አለች። «ክሪኩ በሙሉ በቅባት ተለውሷል፤ እጀታው ብቻ በቤንዚን ታጥቧል። መኪና ሥር የሚሞት ሰው ከመሞቱ በፊት እጀታ አያጥብም።»

«ክሌም ንጽሕና ይወድ ነበር» አለ ሮይስ፣ ዓይኑ ጎማው ላይ።

«ክሌም?» አለች ትሪና። «ካልሲውን እኔ ነኝ የማነሳው።»

«ቀጥሎ ባትሪው» አለች ኖሪን። «የለም። ስለዚህ ይህ መኪና ትናንት ተንቀሳቅሶ ከሆነ በትከሻ ተገፍቶ ነው።»

«ማን ተንቀሳቀሰ አለሽ?» ሮይስ ክንዱን ፈታ፣ መልሶ አጣመረ። አሁንም ጎማዎቹን አየ። «ይሄን ነገር ግን ቀና አድርጉት።»

«ምኑን?»

«መኪናውን ነዋ። እንደዚህ አይቆምም። ትንሽ ግፉት፣ ይተኛል።»

«ለምን?»

«ለምን ትላለች እንዴ? ከክሪክ የወረደ መኪና ሁሉ እንደዚህ ነው። ጎማው መሬት ይይዝና ወደ ጎን አልከፈት ይላል። ሁለት እርምጃ ገፋ አድርገሽ ስትመልሺው ቦታውን ይይዛል። ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ነገር ነው።»

ማርሊን ቀና አለች። የቤቫንም እጀታውን የያዘ እጁ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ልክ ነህ» አለች ኖሪን። «ትናንት ግን ይህ መኪና ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የተገኘው። የቤቫን ፎቶ አለ። ከክሪክ ላይ ወድቆ ክሌምን ገድሎ ቢሆን ኖሮ እንደዚህ ተንጋዶ ይገኝ ነበር። አንተ ደግሞ ሲወድቅ አየሁ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም ብለሃል።»

«ወድቋል እኮ፤ ቀስ ብሎ አልወረደም። ሲወድቅ ነጥሮ ይተኛል።»

«ጠዋት ክሪኩን በእግሬ መትቼ ሁለት ጊዜ ጣልኩት፤ ቤቫን እያየ። ሁለቱንም ጊዜ ተንጋዶ ቀረ፤ ያቃናነው ገፍተን ነው።»

ቤቫን መሬት መሬት እያየ አዎ በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«ስለዚህ የሆነው ይህ ነው» አለች ኖሪን። «ክሌም ብሎኖቹን አጥብቆ፣ መኪናውን በሰላም አውርዶ፣ ከስሩ ወጥቶ ቆሞ ነበር። በክሪኩ እጀታ ተመታ። ከዚያ አንድ ሰው ፒክአፑን ወደፊትና ወደ ኋላ ገፋው፣ ጎማው ተቃና፤ ክሌም ደግሞ ከስሩ እንዲገባ ተደረገ። በአንድ እጅ ይህን የሚገፋ የለም፣ ስለዚህ ትሪና አይደለችም። ማርሊን አውቶቡስ ስር ነበረች፤ ሾፌሩን ጠይቄዋለሁ፣ ስለ ሚስቱም ነግሮኛል። የቀረው ያላየውን አየሁ ያለው ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፣ ሮይስ። ለምን ገፋኸው? ተንጋዶ ብትተወው ኖሮ እኔም አምኜህ እመለስ ነበር።»

ሮይስ ወደ ፒክአፑ ሄዶ መዳፉን ፓራፋንጎው ላይ አሳረፈ፤ ያስቆመው የለም።

«ሳቀብኝ» አለ። «አባባ ቢያየው ይኮራ ነበር አለኝና ሳቀ። መታሁት።» እጁን አላነሳም። «አባባ መኪና እንዲህ አንጋዶ አቁሞ አያውቅም። መግፋቴን እንኳ አላወቅኩም። እጄ ነው የገፋው።»

ትሪና ከምሰሶዋ ተላቀቀች። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«ወንድምህን መሬት ላይ ጥለህ መኪናውን አቃናህ።»

ሮይስ ዓይኑን ከፓራፋንጎው ሳያነሳ እጁን ለካቴና ሰጠ።

ትሪና ማርሊን አጠገብ ስትደርስ ቆም አለች። «ይቅርታ እንድልሽ እንዳትጠብቂ።»

«አልጠበቅኩም» አለች ማርሊን። «ባትሪሽን ግን መጥተሽ ውሰጂ።»

አመሻሽ ላይ፣ የትርኢቱ ሰው ሁሉ በዋናው መንገድ ሲመለስ፣ ቤቫን ጋራዡ በር ላይ የለጠፈውን ማሸጊያ ሊያነሳ መጣ። ማርሊን ከኋላው ቆመች።

«ማንም ሰው ሊሳሳት ይችላል፣ ማርሊን።»

«ያሸገው ማንም ሰው አይደለም። አንተ ነህ። ንቀል።»

ማሸጊያው በፀሐይ ደርቆ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። ቤቫን ቢላዋ ጠየቃት፤ የለኝም አለችው፣ አንድ ግድግዳ ሙሉ መሣሪያ ከበሩ ወዲያ ተሰቅሎ። በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር። መኪኖቹ ፍጥነታቸውን ቀነሱ፤ ማርሊንም ሲጋራ ለኩሳ፣ የመጨረሻዋ ቁራጭ እስክትነሳ ድረስ ሁሉም እንዲያዩ ቦታ ለቀቀችላቸው።