የዳኛ ፌርንሊ ያልተነገረ ቃል

ዳኛ ኦባዲያ ፌርንሊ በሥራ ክፍላቸው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ሲገኙ፣ ጉንጫቸው እንደ ጤነኛ ሕፃን ቀልቶ ነበር። ልጃቸው ቲርዛ ለቁርስ ልትጠራቸው ገብታ እጃቸውን ነካችው። ቀዝቅዟል። 

መጀመሪያ ሐሳቧ ላይ የመጣው ወንድሟ ላይማን ነው። 

ማታ እራት ላይ አባቷ ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ «ነገ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ሥዕሌ ሲሰቀል ስለ ኤላም ስፕራግ እናገራለሁ» ብለው ነበር። በቨርሞንት ያንን ስም የማያውቅ የለም። ፌርንሊ በግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስማቸው የገነነው ስፕራግን በነፍስ ግድያ ባሰቀሉበት ፍርድ ነው። «ሰውየው ንጹሕ ነበር። ያን ቀን ሌላ ቦታ ያየው ምስክር እንደነበረ አሁን ደርሼበታለሁ።»

ላይማን ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። ጠበቃ ነው፤ ደንበኛው ሁሉ የሚመጣው በአባቱ ስም ነው። «አባባ፣ አብደዋል? ስማችንን በገዛ እጅዎ ሊቀብሩት ነው?»

ለሥዕሉ በዓል መጥተው እዚያው ቤት ያረፉት የአባቷ ባልደረባ፣ የቀድሞው ዐቃቤ ሕግ ዳኛ ሲላስ ክራንደል ግን ዳቦአቸው ላይ ቅቤ መቀባታቸውን ቀጠሉ። ከእራት በኋላ ቲርዛ ከሥራ ክፍሉ የወንድሟን ጩኸት ሰማች።

የወረዳው አስከሬን መርማሪ ዶክተር አንሰል ብሪግስ በበረዶው ላይ በፈረስ በሚጎተት ተንሸራታች ጋሪ ደረሰ። ጉንፋን የያዘው አጭር ሰው ነው። የሟቹን ጉንጭ ትኩር ብሎ አየ፤ የምድጃውን በር ከፈተ። የድንጋይ ከሰሉ ግማሹ እንኳ ሳይነድ ከስሟል።

«ወይዘሪት ፌርንሊ፣ ወንድምዎ ማታ የት ነበሩ?»

«ከእኔ ጋር፣ ሳሎን። ዳማ ስንጫወት።»

«ማን አሸነፈ?»

«እኔ… እሱ» አለች ቲርዛ።

«ሲዋሹ አንገትዎ ይቀላል» አለ ብሪግስ፣ አፍንጫውን እየጠረገ። «እኔን ያሳሰበኝ ውሸትዎ አይደለም። አባትዎን የገደለው ሰው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ብቻዎን እንዳይሆኑ።»

ከዚያ ወዲያ በር በተንኳኳ ቁጥር ትበረግግ ጀመር። ላይማን በአጠገቧ ሲያልፍ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ደረጃው ሥር ከኋላዋ እጅ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍባት ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች። ዳኛ ክራንደል ናቸው።

«አይዞሽ ልጄ። ወንድምሽ ምንም ቢያደርግ ቆሜ እከራከርለታለሁ።»

ደረታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ብሪግስ በዚያው መጣ። «ዳኛ ክራንደል፣ የሥራ ክፍሉ ምድጃ የጭስ ቧንቧ ሽቅብ ወጥቶ በእርስዎ መኝታ ክፍል ያልፋል አይደል?»

«ያልፋል። ክፍሉን የሚያሞቀው እሱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሞቆኝ ተኛሁ፤ ምድጃው ደህና ይነድ ነበር።»

ብሪግስ አመስግኖ ወደ ላይ ወጣ። በክራንደል ክፍል መስኮት ሥር ያለው ምንጣፍ በውሃ ርሷል። ቁልቁል ወደ ማድ ቤት ሲወርድ የቤት ሠራተኛዋ ሄፕሲ እያጉረመረመች አገኛት።

«እንግዳው ክፍላቸው ውስጥ ፊታቸውን የሚታጠቡበት ውሃ እኮ እስከ ታች ድንጋይ ሆኖ ነው ያደረው! በመዶሻ ነው የሰበርኩት!»

ከቀትር በፊት ብሪግስ ሁሉንም መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበ። ሸሪፉ በሩ ላይ ቆመ። ቲርዛ ላይማንን ላለማየት እጆቿን አየች።

«ዳኛ ፌርንሊ ከከሰሉ በወጣ መርዘኛ አየር ነው የሞቱት» አለ ብሪግስ። «ጉንጫቸው የቀላው ለዚያ ነው። ይህ ከሰል እምብዛም አይጨስም፤ መርዙም አይሸትም። ሰው እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለው ይሞታል።»

«ምድጃው ተበላሽቶ ይሆናላ» አለ ላይማን።

«ደህና ነው። የታችኛው የቧንቧ መዝጊያም ክፍት ነው። ግን ከሰሉ አየር አጥቶ ታፍኗል። ስለዚህ ቧንቧው ሌላ ቦታ ተዘግቶ አድሮ፣ ጠዋት ተከፍቷል። ሌላ መዝጊያ ያለው ደግሞ ላይኛው ክፍል፣ ወለሉ አጠገብ ብቻ ነው፤ እሱ ሲዘጋ ከዚያ በላይ ያለው ቧንቧ አይሞቅም።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ክራንደል ዞሩ።

«ማንም ሊገባ ይችላል» አሉ ክራንደል በረጋ ድምፅ። «ላይማን ተቆጥቶ ነበር።»

«ላይማን ቢዘጋው ኖሮ፣ ክፍሌ በረዶ ሆኖ አደረ ብለው ይነግሩኝ ነበር። እርስዎ ግን ሞቆኝ አደርኩ አሉ። ውሃው ድንጋይ በሆነበት ክፍል! መርዙ እንዳያገኝዎት መስኮቱን ከፍተው አደሩ፤ ምንጣፉን ያራሰው የገባው በረዶ ነው። ቧንቧው ቀዝቅዞ ማደሩን የደበቁት የዘጉት እርስዎ ስለሆኑ ነው።»

«ለምን ብዬ?»

ቲርዛ ሳታስበው ቆማ ነበር። «ያኔ ስፕራግን የከሰሱት ዐቃቤ ሕግ እርስዎ ነበሩ» አለች። «አባቴ የደረሱበትን ምስክር የደበቁት እርስዎ ነዎት።»

ክራንደል ተመለከቷት። ደረጃው ሥር ያባበሏት ያው ዓይኖች ናቸው። «አባትሽ ዝም ማለት ይችል ነበር» አሉ። «መናገሩ የተሰቀለውን ሰው አያስነሣው። እኔን ግን ያጠፋኛል።»

ሸሪፉ ይዟቸው ወጣ።

ላይማን ጠረጴዛው ማዶ ቀረ። «እኔ መስዬሽ ነበር?»

«አዎ። ሊሰቅሉህ ነው ብዬ…»

ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ማታ መጨረሻ ያልኳቸው እኮ ‹አባቴ አይደሉም› ነው። እንደዚያ ብዬ በሩን ወርውሬ ወጣሁ።»

ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤቱ በሐዘንተኛ ሞላ። ቲርዛ በአባቷ ሥዕል ሥር ቆመች።  «አባቴ ኤላም ስፕራግን ያለ ጥፋቱ አሰቅለውታል። ይህንን ዛሬ እዚህ ቆመው ሊነግሯችሁ ነበር።»

 አንድ ሰው ከኋላ፣ «አባትሽን በሞቱበት ቀን ታዋርጃለሽ?» ብሎ ጮኸ። ሌሎችም ማጉረምረም ጀመሩ።

ያን ጊዜ ላይማን ከፊተኛው ወንበር ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀና ከእህቱ ጎን ቆመ።

«እውነቷን ነው» አለ። «እኔም ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ።»