አስተርጓሚው ለምን ቀረ?

ሰው ማመን ያቆምኩት አሠሪዬ «ላስቀምጥልሽ» ብሎ የወሰደውን ፓስፖርቴን ቆልፎበት የቀረ ጊዜ ነው። በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ሁለት ዓመት ተኮስኩለት። ልሂድ ስለው «ሥራ ጥላ ጠፍታለች» ብሎ ለፖሊስ አመለከተ። ፍርድ ቤት ካልረታሁት ከዚህ ከሰው አገር የምባረረው እኔ ነኝ።

ስለዚህ በነፃ የሕግ ድጋፍ ቢሮው አንድ የአገሬ ልጅ «እህቴ፣ አስተርጓሚሽ ነኝ» ሲለኝ ከላይ እስከ ታች ገመገምኩት። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

«ለማን ነው የምትሠራው?» አልኩት።

ጥያቄዬን ቢሮው ለመደበልኝ ጠበቃ ተረጎመላት። ሳቀች። እኔ በገንኩ።

«ይቺንም ትነግራታለህ?»

«ከአፍሽ የወጣውን ሁሉ። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።»

«ብሰድብህስ?»

«ሞክሪኝ።»

ሰደብኩት። ቃል በቃል ተረጎመው፤ እንደ ደህና ነገር!

አምስት ወር ተመላለስኩ። የቱንም ያህል መከራዬን ብዘረዝር ድምፁ አይለወጥም፤ ደረቅ ነው አልኩ። አንድ ቀን ግን ክንዴ ላይ ያለውን የካውያ ጠባሳ ሳሳይ ቃል አጠረው። ተያየን። ጠበቃዋ ብዕሯን ይዛ ጠበቀችን። «ሊያባብልሽ ነው፣ ንቂ!» ብዬ ልቤን ገሠጽኩት። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ፀጉሬን ተሠርቼ ሄድኩ።

በችሎቱ ቀን እሱ የለም። በቦታው አንዲት ባለመነጽር እናት ተቀምጠዋል።

«ደብዳቤ አስገብቶ ራሱን አገለለ» አሉኝ።

ገዙት! አልኩ በሆዴ። ያናደደኝ የክሱ መበላሸት ብቻ አልነበረም፤ ወድጄው ነበር።

የአሠሪዬ ጠበቃ ተነሣ። «የቢሮው ደጃፍ ላይ ሲሳሳቁ ታይተዋል። አስተርጓሚው ወዳጇ ስለሆነ የተረጎመው ቃሏ ይሰረዝ» አለ። ቃሌ ከተሰረዘ ሌላ ማስረጃ የለኝም።

ዳኛዋ ደብዳቤውን አነበቡ፤ እናትየዋ በጆሮዬ ተረጎሙልኝ።

«እስካሁን በቃሏ ላይ አንዲት ነገር አልጨመርኩም፤ ቢሮው ሲቀዳ ከነበረው ድምፅ ጋር ይመሳከር። ከእንግዲህ ግን ለማስተርጎም አልታመንም፤ ባለጉዳይዋን ወድጃታለሁ። እሷ አታውቅም። በሥራ ላይ ሆኜ መንገር ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«በመካከላችሁ ግንኙነት አለ?» አሉኝ ዳኛዋ።

ምያለሁ፤ መዋሸት አይቻልም።

«እስከ ዛሬ የለም» አልኩ።

ዳኛዋ ፈገግታቸውን በወረቀቱ ሸፈኑ። ድምፁ ተመሳከረና ቃሌ ጸና፤ ፓስፖርቴም እዚያው እንዲመለስልኝ ታዘዘ።

ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

«ፈረዱልሽ?»

«ፈረዱልኝ። አንተን ግን ‹ሸጦኛል› ብዬ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረህ?»

«አምስት ወር በአንቺ አፍ ስናገር ከርሜ አንቺን ላላውቅሽ ነው?»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። አሁንም ልቤ ሙሉ በሙሉ አላመነም።

«የጻፍከውን የሰማሁት ከሰው አፍ ነው» አልኩት። «እስቲ አንተ በለው።»

ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ፤ አንዲቷን ቃል ለማውጣት ላብ በላብ ሆነ። አላገዝኩትም። እስኪላት ድረስ ዓይኑን እያየሁ ጠበቅኩት።